ክፍሌ ውስጥ ያደረው ሎሪ

ኅዳር 6

ይህን ደብተር የምጽፈው ለማስረጃ ነው። በእንቅልፍ ማጣት የሞትኩ እንደሆነ ገዳዬ ማን እንደሆነ ይታወቅልኝ። ስሟ ቆቲሌ ነው። ዕድሜዋን ራሷም አታውቀውም። ከአልጋዬ አጠገብ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግታ ትተኛለች፤ ስታንኮራፋ፣ ሲሚንቶ የጫነ ሎሪ በአንደኛ ማርሽ የድንበሩን ኬላ ዳገት ሲወጣ ማለት ነው። ጫፍ ላይ ይደርስና ጸጥ ይላል። «እሰይ፣ አለፈ» ብዬ ዓይኔን ስከድን ሌላው ሎሪ ከታች ይነሳል።

እንዴት መጣች? ባለፈው ሳምንት ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ፣ የማንያታን ሰፈር ሰንጥቆ የሚያልፈው ደረቅ ወንዝ ደረቅ መሆኑን ረሳ። የጭቃው ግድግዳ ሁሉ ሻይ ውስጥ እንደገባ ብስኩት ሟሟ። የእሷም ቤት ሄደ። አብዛኛው ሰው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ገባ፤ እኛ ተማሪዎቹ ዕረፍት ላይ ስለሆንን ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ቆቲሌ ግን ለዓመታት ለአባዬ ሆቴል ወተት ስታመጣ የኖረች ሴት ናት። ጎርፉ ዳር ፍየሏን አቅፋ ቆማ ሲያያት እጇን ይዞ አወጣትና ወደ ቤት አመጣት። ሆቴላችን ይበላበታል እንጂ አይታደርበትም። ቤታችን ደግሞ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የአባዬና የእማዬ፣ ሌላው የኔ የነበረው።

«እስከ መቼ ነው?» አልኩት አባዬን።

«በቦጋለ ቤት እንግዳ ቀን አይቆጠርበትም!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። በረንዳው ላይ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ስለነበሩ ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ፍየሏስ? ፍየሏ መስኮቴ ሥር ናት።

ኅዳር 9

«አንቱ» ስላት ሳቀችብኝ። «እኔ አንዲት ነኝ፤ ከኋላዬ ማንን አየሽ?» አለች በኦሮምኛ። እንግዲህ አንቺ እላታለሁ። ስትጠራ ደግሞ አኮ ናት፣ በቦረናዎቹ አያት እንደማለት። እሷ እኔን «ኢንታላ» ትለኛለች፣ ልጅት ማለቷ ነው። ሮዳስ መባሌን ታውቃለች፤ አልተጠቀመችበትም እንጂ።

ትምባሆ ታላምጣለች። የምትተፋበት ቆርቆሮ የኔ የእስክሪብቶ ማስቀመጫ ነበር።

ኅዳር 13

ሆቴላችን የጎርፍ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ሆኗል፤ ጣሪያው አያፈስማ። አባዬ ደግሞ ሻዩን በነጻ አደረገው። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ የሚቀር ሰው የለም።

ሊቀመንበሩ ሙዜ ዋቆ ናቸው። እዚህ ጸጉሩ የሸበተ ሁሉ ሙዜ ነው፤ እሳቸው ግን ፂማቸውን በሂና ቀይ አድርገውታል፣ ስለዚህ ግማሽ ሙዜ ናቸው። ስብሰባ የሚከፍቱት በምርቃት ነው። ዝናቡን ይመርቃሉ፤ ከብቱን ይመርቃሉ፤ መንገዱን ይመርቃሉ፤ መንግሥት ላይ ሲደርሱ ሳል ይይዛቸዋል፤ ከሳሉ በኋላ እንደገና ከዝናቡ ይጀምራሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል። እኔ አሞቃለሁ።

ጸሐፊው አባዬ ነው። የእጅ ጽሑፉ እንደ ሠርግ ጥሪ ያምራል። ውስጡን ስታነቡት ግን «በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ተደርጎ በሰፊው ከተወያየን በኋላ» ይልና ገጹ ያልቃል።

ሦስተኛው አዩብ ነው፣ ከማርሳቢት በአንድ ድርጅት የተላከ ወጣት። የሚለብሰው ሰደርያ ኪስ ብቻ ነው። እስካሁን ከአንዱም ኪስ ምንም ሲያወጣ አላየሁም። የሚወደው ቃል «ኮኦርዲኔሽን» ነው፤ አንዱ ድርጅት የሰጠውን ሌላው እንዳይደግመው ማድረግ ማለት ነው አሉ። መጀመሪያ የመጣው ድርጅት ባልዲ ሰጠ። ሁለተኛውም ባልዲ ሰጠ። ሦስተኛው ተሻሻለ፤ ባልዲ ከነክዳኑ ሰጠ። ጣሪያ የሰጠ የለም። አኮ አንዱ ባልዲ ላይ ትቀመጣለች፣ በአንዱ ፍየሏን ታጠጣለች፣ ሦስተኛውን ለእኔ ሰጠችኝ። ምን እንደማደርግበት አልነገረችኝም።

ኅዳር 17

የነቢያት ጾም ገብቷል። እኔ ሽሮ፣ እሷ ወተት። ፍየሏን መስኮቴ ሥር ታልብና አረፋውን እያሳየችኝ ትጠጣለች። ይህ ግፍ ይመዝገብ።

አዩብ ዛሬ አንዲት ሴት ይዞ መጣ፤ ሥራዋ የሰውን ሐዘን መጠየቅ ነው። ጥሩ ሴት ናት፣ ድምፅዋ ለስላሳ። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ።

«ጎርፉን ስታስቢው ልብሽ ምን ይሰማዋል?»

አኮ ትምባሆዋን ከአንድ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረች። «ልቤ ደህና ነው። የታመመው ጣሪያዬ ነው» አለች።

ሴትየዋ ብዙ ጻፈች። እማዬ ኩሽና ውስጥ ሆና በነጠላዋ አፏን አፍና በሳቅ ትንፈራፈር ነበር።

ኅዳር 22

አዩብ መጠለያ ያለውንና የሌለውን እየለየ ቤት ለቤት ሲዞር ዋለ። እኛ ጋ ሲደርስ ሙዜ ዋቆም አብረውት ነበሩ። አኮ ባልዲዋ ላይ ተቀምጣለች።

«አኮ፣ ያረፍሽበት ቤት ችግር አለው?» አላት።

እንደተሰደበች ሰው ቀና አለች። «ምን ችግር! ልጆቼ ቤት እኮ ነኝ። ምንም አልጎደለብኝ።»

አባዬ ከበስተኋላ የሆቴሉን ፎጣ እንደ ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ብቅ አለ። «እሷኮ ተፈናቃይ አይደለችም፤ እንግዳዬ ናት!»

የሙዜ ዋቆ ዓይን እንባ አቀረረ። «ቦጋለ፣ አንተ የኛ ሰው ነህ!» ብለው መረቁት፤ ረጅሙን ምርቃት። አዩብም ደስ አለው፤ አንድ ሰው ቀነሰለት።

በጣም ያምር ነበር። ሲተረጎም፦ ክፍሌ በዚያው ቀረ።

ከሄዱ በኋላ አኮ ባልዲዋ ላይ እንደተቀመጠች ከሆቴላችን በላይ ወዳለው ጉብታ ስታይ ቆየች። ቤታቸው ለፈረሰባቸው አዲስ ቤት ሊሠራ የታሰበው እዚያ ነው፣ ውሃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ። ዓይኗ ደካማ ነው፤ ከዚህ ሆና ምንም አይታያትም። ታዲያ ምን ታያለች?

ኅዳር 28

አኮ ጠዋት ጠዋት እየወጣች ቀጫጭን እንጨት ቆርጣ ታመጣለች። ትልጠውና ኩሽናው ጀርባ አስደግፋ ታቆመዋለች። እኛ ማገዶ መሰለን። እንግዳ ነኝ ብላ ባዶ እጇን መግባት አፍራ ነው አልን። ዛሬ እማዬ «እግዜር ይስጣት፣ እንዴት ያለ የተመረጠ እንጨት ነው!» እያለች የሆቴሉን ባቄላ ሁሉ ቀቀለችበት።

አኮ ስትመለስ ምድጃው አጠገብ ቆመች። አብዛኛው ነዷል። «ይሁን፣ ይሁን። ባቄላው ደህና በሰለ?» አለች።

ከዚያ የተረፈውን አንዱን እንጨት አንስታ ጉልበቷ ላይ እንደ ደጋን አጎበጠችው። እንጨቱ አልተሰበረም። ለቀቀችውና በቀስታ መልሳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ማገዶ ማንም እንዲህ አይነካም። የቤት ጎድን ነው እንጂ፤ የቦረና ጎጆ የሚቆመው እንዲህ በጎበጠ እንጨት ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። የነገርኳት ጭሱ ዓይኔን ስላቃጠለኝ ነው። እማዬ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች፤ «ወይኔ ወርቅአየሁ! የሰው ቤት በባቄላ ጨረስኩ!»

ባቄላውን ኮሚቴው በልቶታል። ጣፍጦ ነበር አሉ።

ታኅሣሥ 4

ማባቲው ገባ! ማባቲ እዚህ ለቆርቆሮ ጣሪያ የምንለው ነው። ጎርፉ መንገዱን ስለቆረጠው መኪናው ስንት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ቆየ። አዩብ በረንዳችን ላይ ቆሞ ቤት የሚሰጣቸውን ሰዎች ስም ጠራ። ሰው እልል አለ። እኔ ሻይ እየቀዳሁ አኮ እስክትጠራ ጠበቅሁ። አልተጠራችም።

«አኮስ?» አልኩት ስኒውን ሳቀብለው።

«አኮ መጠለያ አላት።»

«መጠለያዋ እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ጥሩ መጠለያ ነሽ» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። «ስሚ ሮዳስ፣ ቤቶቹ ማደሪያ ለሌለው ናቸው። ትምህርት ቤቱ ሊከፈት ነው፤ ክፍሎቹን ባዶ ማድረግ አለብን። እሷ ወይ አባትሽ ‹ችግር አለ› ካሉኝ ነው እንጂ በራሴ ምንም ማድረግ አልችልም።»

አንድ ቃል ብቻ! ይህ ማንን ያቅታል?

ታኅሣሥ 5

ሁለቱንም።

አባዬ፦ «ቦጋለ እንግዳውን አስወጣ ይባልልሽ? እኔ አልለውም።»

«ግን እኮ ቤቷን ትፈልጋለች።»

«ትንገረኛ! ከፈለገች አፍ የላትም?»

አኮ፦ «አባትሽ ከጎርፍ ውስጥ እጄን ይዞ አወጣኝ። ‹ቤትህ አልተስማማኝም› ብዬ በሰው ፊት ላዋርደው? እሱ ‹አኮ፣ ይበቃል› ይበለኝ፤ አሁኑኑ ፍየሌን ፈትቼ እሄዳለሁ።»

«ቤትሽን ግን ትፈልጊያለሽ?»

«ኢንታላ፣ በኛ ዘንድ ቤት የሚሠራው በሴት እጅ ነው፤ ቤቱም የሴቲቱ ነው። ባሌ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ቤቴ ሲገባ እንግዳ ነበር። በሰው ቤት አርጅቼ አላውቅም» አለችና መትፊያዋን ፈለገች።

ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው። መስቀለኛ መንገድ ላይ «አንተ እለፍ፣ የለም አንተ እለፍ» ሲባባሉ ነዳጅ የሚጨርሱ ሾፌሮች እንደነሱ ያሉት መሆን አለባቸው። እኔን ሐሳብ የጠየቀኝ የለም። ልጅ ነኛ። እማዬ እንደምትለው ደግሞ አፌ በር የለውም።

ታኅሣሥ 8

ዝናብ፣ እንደገና። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውሃ ገባ። ቀኑን ሙሉ ሻይ። ኮሚቴው «ሰፊ ውይይት»። ፍየሏ የዩኒፎርሜን እጅጌ በላች። አኮ አየችውና «ጥሩ ጨርቅ ነው» አለች።

ሎሪው ቀጥሏል።

ታኅሣሥ 12

ከአኮ ጋር እንጨት ልቆርጥ ሄድኩ። ቤት ውስጥ ተቀምጬ ሙዜ ዋቆን ከመስማት ይሻላል ብዬ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማንኛውም እንጨት አይሆንም። አኮ ትይዘዋለች፣ ታጎብጠዋለች፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች። «ይሄኛው ያጉረመርማል፤ ተይው። ይሄኛው ዝም ይላል፤ ቁረጪው።» እኔ የቆረጥኩትን ሁሉ አየችና «ይሄ ለፍየል ማሰሪያ ይሆናል» አለች። በመጨረሻ አንዱን ተቀበለችኝ። አንዱን ብቻ። መዳፌ ተላጠ።

«ቤት ሳይሰጡሽ ለምን ታዘጋጂያለሽ?» አልኳት።

«እጄ እንዳይረሳ።»

ስንመለስ እንጨቱን እኔ ተሸከምኩ። እማዬ ከሩቅ አይታ፣ «ማንም እንዳይነካው!» ብላ በኩሽና ሠራተኞቹ ላይ ጮኸች። የነካችው ራሷ እንጂ ማን ነበር?

ዛሬ ማታ ሎሪው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ደክሟት ይሆናል። ሁለት ጊዜ ቀና ብዬ አየኋት፣ ትንፋሽ መኖሩን ለማረጋገጥ። ለደብተሬ ያህል ነው።

ታኅሣሥ 19

ጉድ አደረግሁ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ዛሬ ቺፉ፣ የሰፈራችን የመንግሥት ሹም፣ ባራዛ ጠርቶ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሰበሰብበት ማለት ነው። የተጠራው እኛው በረንዳ ላይ ነው። ቤት ከተሰጣቸው አንዱ ቤተሰብ ኦቦ በሚባል ገጠር ዘመዶቹ ጋ ሊኖር ስለወሰነ አንድ ቤት ተርፏል። አዩብ ተነሣ። «ዛሬ ካልተወሰነ ቆርቆሮው ነገ ወደ ሌላ ቦታ ይጫናል። ማደሪያ ያጣ፣ ወይም ባለበት የተቸገረ ሰው ካለ አሁን ይናገር» አለ።

አኮ ከዘራዋን ታያለች። አባዬ ደብተሩን ያያል። እማዬ አባዬን ታያለች። ሙዜ ዋቆ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ምርቃት ሊጀምሩ ነው። እሳቸው ከጀመሩ ቆርቆሮው አገር አቋርጦ ይደርሳል።

ትሪውን ይዤ መሐል ቆሜያለሁ። «እኔ አለሁ» አልኩ።

«አንቺ ምን ሆንሽ?» አለ ቺፉ።

«ይህችን ሴትዮ ከክፍሌ አውጡልኝ! ታንኮራፋለች። ትምባሆ ትተፋለች። ፍየሏ ዩኒፎርሜን በልታለች። እኔ ልማር ነው ወይስ ሎሪ ልጠብቅ? መረረኝ!»

የአባዬ እስክሪብቶ ወደቀ፤ ስትንከባለል ተሰማኝ። እማዬ «ውይ መሬት ክፈቺ!» አለች። አንድ ሽማግሌ «የዘመኑ ልጅ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አኮን ማየት ፈራሁ።

አኮ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሣች።

«ሰማችኋት?» አለች፤ ድምፅዋ ከባራዛው አልፎ መንገድ ድረስ ሄደ። «ቦጋለና ሚስቱ ማር ናቸው፤ በነሱ ክፉ አልናገርም። ይህች ልጅ ግን! ስትተኛ እንደ አህያ ትራገጣለች! ወገቤ አለቀ! ከእሷ ጋር ሌላ ሌሊት አላድርም። ቤቴን ስጡኝ!»

እኔ አልጋ ላይ፣ እሷ መሬት ላይ ነው የምንተኛው። እንዴት አድርጌ እንደምረግጣት ማንም አልጠየቀም።

«ታዲያ ችግር አለ ማለት ነው?» አለ አዩብ፣ ከንፈሩን እየነከሰ።

«ችግር?» አለች አኮ። «ጦርነት ነው እንጂ!»

ባራዛው በሳቅ ፈረሰ። ቺፉ ዓይኑን እየጠረገ «ሳይገዳደሉ ለዩአቸው!» አለ። ቤቱ ለአኮ ተወሰነ። ምርቃት ሳይደረግ! ሙዜ ዋቆ በኋላ አካካሱት።

ታኅሣሥ 20

ቅጣት፦ የባራዛውን ስኒዎች በሙሉ፣ ብቻዬን። አባዬ አያናግረኝም። «ስሜን አፈር አስገባሽው» ብሎ ዘጋኝ። ልክ ነው፤ በሰው ፊት አሮጊት ሰደብኩ። ሌላ መንገድ ነበር ይሆን እያልኩ ሳጥብ ዋልኩ። ክፍሌን ፈልጌ ነው ያደረግሁት። ሰው ክፍሉን ቢፈልግ ኃጢአት ነው?

እማዬ ምሳዬን ስታቀርብልኝ ሽሮው ከሁሉም የበዛው የኔ ነበር።

ጠረጴዛ ሳጸዳ የኮሚቴው ደብተር ተከፍቶ አገኘሁት። በዚያ የሠርግ ጥሪ ጽሑፍ፦ «በወጣት ሮዳስ ቦጋለ አሳሳቢነት ሰፊ ውይይት ተደርጎ»። ከአሳሳቢነት ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮበታል።

ታኅሣሥ 24

ባሺር የሚባለው ፉንዲ፣ አናጢው ማለት ነው፣ ቤቱን አቆመ። አራት ማዕዘን፣ የሚያብለጨልጭ። አኮ ዙሪያውን ዞረች። «ሳጥን ነው» አለች። በሩ በታቀደው በኩል እንዳይወጣ ከልክላ ወደ ታች ወደ ሆቴላችን አስዞረችው። ባሺር «ማማ፣ እኔ ፕላን አለኝ» ቢላት «እኔ ደግሞ ጎረቤት አለኝ» አለችው። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ የወጡት ሴቶች መጡ፤ በእንጨቶቹ ሳጥኑ ውስጥ እንደ ድሮው ቤት ጣሪያው የጎበጠ መኝታ ሠሩላት። ወንዶቹ ውጭ ቆመው ምክር ሰጡ። የሰማቸው የለም። የኔም እንጨት ገብቷል፤ በበሩ በኩል ከግራ ሁለተኛው።

አባዬ ዕቃዋን ራሱ ተሸክሞ አደረሰላት። ባልዲዎቹንም ጭምር።

ታኅሣሥ 25

ክፍሌ ተመለሰልኝ። በጣም ደህና ተኛሁ።

ታኅሣሥ 26

ደህና ተኛሁ። ጸጥታው ትንሽ ይጮሃል።

የእስክሪብቶ ማስቀመጫዬን ትታው ሄዳለች። አጠብኩት። እስክሪብቶዎቼን ግን አልመለስኩበትም።

ታኅሣሥ 27

ደህና ማለት ይቻላል። መስኮቱን ከፍቼ ፍየሏን ፈለግሁ፤ የለችም፣ አውቃለሁ። አባዬ ጠዋት ቁርስ ላይ «ክፍልሽን አገኘሽ አይደል? ዓይንሽ ምነው ቀላ?» አለኝ። ማናገር ጀምሯል። እማዬን አየት አድርጎ ሳቁን በሻዩ ዋጠው።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

ከቅዳሴ መልስ እማዬ ለአኮ ምግብ ቋጥራ «አድርሰሽ ነይ» አለችኝ። እየሮጥኩ ዳገቱን የወጣሁት ምግቡ እንዳይቀዘቅዝ ነው።

አኮ በሩ ላይ ባልዲዋ ላይ ተቀምጣለች። «ከዚህ የእናትሽ ምድጃ ጭስ ይሸተኛል» አለች። የዛሬው ጭስ ከማገዶ ብቻ መሆኑን አረጋገጥኩላት። ፍየሏ አዲሱን እጅጌዬን አሸተተችው። ጾሙ ስለተፈታ አኮ ወተት ቀዳችልኝ፣ ከነአረፋው፣ እስከ አፍ ገደፉ። ጠጥቼ ስጨርስ እንደገና ሞላችው።

ውስጥ ገባሁ። በጎበጠው ጣሪያ ሥር ሁለት ማረፊያ ተነጥፏል፤ አንዱ በዚህ ጥግ፣ ሌላው በዚያ ጥግ፣ የተራራቁ።

«ያኛው የማን ነው?»

«የእንግዳ» አለች አኮ። «እየተራገጠ የሚያስቸግረኝ አንድ እንግዳ አለ።»

ዝናብ የለም። ጉብታው ላይ ቤቶቹ ሁሉ ጭስ ያወጣሉ። ሲመሽ አባዬ ደወለ። «ነገ ትምህርት ይከፈታል እኮ፤ መቼ ነው የምትመጪው?» ምን እንደምለው ሳስብ አኮ ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። ገልብጣ ነው የያዘችው፤ ቢሆንም ድምፅዋ ያለ ስልክም ይደርሳል።

«ቦጋለ!» አለችው። «በቆቲሌ ቤት እንግዳ ቀን አይቆጠርበትም!»

የአባዬ ሳቅ እስከ ቤቱ ጥግ ተሰማ።

አሁን ጥጌ ላይ ሆኜ በስልኬ መብራት እጽፋለሁ። ከራስጌዬ በኩል፣ ከግራ ሁለተኛው እንጨት። በዚያ ጥግ ደግሞ ሲሚንቶ የጫነው ሎሪ ሞተሩን አስነሳ። ዳገቱን ጀመረው።

እሰይ። እንቅልፌ መጣ።